የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አሮጌ ስቴሪዮ ሪሲቨር ሲበላሽ መጀመሪያ ምን ይለካል?

በዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስለተሠሩት ባለ እንጨት ሳጥን ስቴሪዮ ሪሲቨሮች ናቸው። የዲሽ ሪሲቨር ማለታችን አይደለም። ሬድዮው፣ የሸክላና የካሴት መግቢያው፣ አምፕሊፋየሩም በአንድ ሳጥን የተሰባሰቡበትን፣ እንደ ፓዮኒር፣ ማራንትዝ፣ ሳንሱይና ኬንውድ ያሉትን ማለታችን ነው። እነዚህ ዕቃዎች እንዲጠገኑ ሆነው የተሠሩ ናቸው። ክዳናቸው በካቻቢቴ ይከፈታል፣ ክፍሎቻቸው በዓይን ይታያሉ፣ አብዛኛው መለዋወጫቸውም ዛሬም ይገኛል። ከብልሽቱ ይልቅ የሚገድላቸው ሳይለኩ ክፍል መቀያየርና "እስቲ ደግሜ ላብራው" ማለት ነው።

ክዳን ከመክፈትዎ በፊት ሁለት ነገር ይወቁ። ከሶኬት ካልተነቀለ በስተቀር፣ ማብሪያው ቢጠፋም እንኳ ገመዱ የሚገባበት አካባቢ ገዳይ ኤሌክትሪክ አለው። ከተነቀለም በኋላ ትልልቆቹ የፊልተር ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ጣሳ መሳይ ክፍሎች) ኃይል ይዘው ይቆያሉ። እነሱን በካቻቢቴ ማጋጨት ካፓሲተሩንም ሰሌዳውንም ይጎዳል። 220 ኦም፣ 10 ዋት የሆነ ረዚስተር (ጅረትን የሚገድብ ክፍል) በካፓሲተሩ ሁለት ጫፎች ላይ ይያዙ፤ 10,000 ማይክሮፋራድ የሆነው ካፓሲተር በ10 እና በ15 ሰከንድ መካከል ይራገፋል። ረዚስተሩን በባዶ እጅ ሳይሆን ጎማ በለበሰ ፒንሳ ይያዙት። ከዚያ በቴስተር ለክተው ከ1 ቮልት በታች መሆኑን ያረጋግጡ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ፣ ገርጂ)፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ወንድሜ ከአሜሪካ ሲመለስ ያመጣልኝን ሪሲቨር ልጄ ሳያውቅ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካው። ጧ ብሎ ጠፋ፤ ትንሽ የመቃጠል ሽታም ነበረው። ከዚያ ወዲህ አይበራም። አበቃለት ማለት ነው?

መልስ፦ ሳይለካ አበቃለት አይባልም። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ሪሲቨር የሚጠብቀው 120 ቮልት ነው። 220 ሲገባበት በውስጡ ያለው ቮልቴጅ ሁሉ ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል። ለምሳሌ አምፕሊፋየሩ በ35 ቮልት የሚሠራ ከሆነ ለቅጽበት ከ60 በላይ ያያል፤ ካፓሲተሮቹ ግን ብዙ ጊዜ የሚችሉት 50 ቮልት ነው። ፊውዙ በፍጥነት ከተቃጠለ የቀረውን አድኖታል። ሲሰካ ማብሪያው ጠፍቶ ከነበረ ደግሞ ጉዳቱ ማብሪያው አጠገብ ባለችው ትንሽ ካፓሲተር ላይ ብቻ ሊቆም ይችላል።

ዕቃውን ነቅለው ፊውዙን ያውጡና ብርጭቆውን በብርሃን ይዩት። ሽቦው በስሱ ተበጥሶ ብርጭቆው ንጹሕ ከሆነ ያለፈው ጫና መጠነኛ ነበር። ብርጭቆው ጠቁሮ ወይም እንደ መስታወት ብሩማ ሆኖ ከተገኘ ውስጥ ከባድ ሾርት (ኤሌክትሪክ በማይገባው አቋራጭ ማለፍ) አለ። ቀጥሎ ደህና ፊውዝ አስገብተው፣ ገመዱን ሳይሰኩ፣ ማብሪያውን ወደ "በራ" አድርገው በገመዱ ሁለት ጥርሶች መካከል ኦም ይለኩ። ጥቂት ኦም ካነበበ የትራንስፎርመሩ መግቢያ ጥቅል አልተበጠሰም። ምንም ካላነበበ ማብሪያውን ለብቻው ይፈትሹ፤ እሱ ደህና ከሆነ ጥቅሉ ወይም በጥቅሉ ወረቀት ሥር የተደበቀው የሙቀት ፊውዝ ተበጥሷል። የሙቀት ፊውዙ በጥንቃቄ ተገልጦ በዚያው የሙቀት ልክ ይተካል። በሽቦ ማገናኘት ግን እሳት መጋበዝ ነው።

ከዚያ ኤሲን (ተለዋዋጭ ጅረትን) ወደ ዲሲ (ቀጥተኛ ጅረት) የሚቀይሩትን ዳዮዶች በቴስተሩ የዳዮድ መለኪያ ይዩ፤ በአንድ አቅጣጫ ከ0.5 እስከ 0.7 ቮልት፣ በሌላው ምንም ማንበብ የለባቸውም። የፊልተር ካፓሲተሮቹ አናት ካበጠ ወይም ግርጌያቸው ከረጠበ ይቀየሩ። ግርጌያቸው ላይ የሚታየው ደረቅ ቡናማ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ፋብሪካው የለጠፈው ሙጫ እንጂ ፍሳሽ አይደለም። ይህ ሙጫ ሲያረጅ የክፍሎችን እግር ስለሚበላ ፍቀው ማንሳቱ ጥሩ ነው።

ለወደፊቱ የጀርባውን ሰሌዳ ያንብቡ። ቮልት የሚመረጥበት መቀየሪያ ያላቸው ወደ 220 ይዞራሉ፤ የሌላቸው ትራንስፎርመር ይፈልጋሉ። በሰሌዳው ላይ 250 ዋት የሚል ከሆነ ቢያንስ 400 ዋት የሚችል ይግዙ። ብዙ ሰው የማያስበው ድግግሞሹን ነው። የአሜሪካ መብራት 60 ሄርዝ ነው፣ የእኛ 50። ትራንስፎርመሩ ቮልቱን እንጂ ድግግሞሹን አይቀይርም። ሰሌዳው "60 ሄርዝ" ብቻ የሚል ከሆነ የሪሲቨሩ የውስጥ ትራንስፎርመር በ50 ሄርዝ ላይ ይበልጥ ይግላል። ስለዚህ 120 ሳይሆን ከ100 እስከ 110 ቮልት የሚሰጥ ትራንስፎርመር ይምረጡለት። "50/60" ከሚል ችግር የለም።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ በአንድ ቻናል 45 ዋት የሆነ የጃፓን ሪሲቨር አለኝ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ በርቶ ነበር። አሁን መብራቱ ይበራል፣ የሬድዮው መርፌም ይንቀሳቀሳል፤ ድሮ ከበራ በኋላ ይሰማ የነበረው "ቀጭ" የሚል ድምጽ ግን የለም፤ ስፒከሮቹም ዝም ናቸው። አንድ ባለሙያ "አይሲው ሞቷል፣ ጣለው" አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ያ "ቀጭ" የሚለው የስፒከር ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚዘጋና የሚከፈት ማብሪያ) ነው። ሪሲቨሩ ሲበራ ከ3 እስከ 8 ሰከንድ ጠብቆ፣ አምፕሊፋየሩ ጤነኛ መሆኑን አይቶ ስፒከሮቹን ያገናኛል። ካላገናኘ ከሦስት ነገሮች አንዱን እየነገረዎት ነው፤ ስፒከር ወይም ገመድ ሾርት አድርጓል፣ በአምፕሊፋየሩ መውጫ ላይ ዲሲ ቮልቴጅ አለ፣ ወይም የጥበቃው ሰርኪዩት ራሱ ታሟል። አይሲው (ብዙ ትራንዚስተሮች አንድ ላይ የታሸጉበት ክፍል) "ሞቷል" ከማለት በፊት እነዚህ በቅደም ተከተል ይለያሉ።

ስፒከሮቹን በሙሉ ነቅለው ያብሩት። ቀጭ ካለ ጥፋቱ ከሳጥኑ ውጭ ነው። በማያያዣው ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው የዞረች አንዲት ቀጭን የመዳብ ጸጉር ይህን ሁሉ ታደርጋለች። ስፒከሩን በኦም ይለኩ፤ 8 ኦም የተባለው ከ5.5 እስከ 7፣ 4 ኦም የተባለው ከ3 እስከ 3.6 አካባቢ ያነባል። ዜሮ ከሆነ ጥቅሉ ተቃጥሏል።

ስፒከር ሳይኖርም ዝም ካለ ደጋግመው አያብሩት። በምትኩ የአምፖል መፈተሻ ይሥሩ። አንድ 60 ወይም 100 ዋት የድሮ ባለ ክር አምፖል ከሪሲቨሩ ጋር በተከታታይ ይያያዛል፤ ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም። ትራንስፎርመር የሚጠቀሙ ከሆነ አምፖሉ በ220ው በኩል ይግባ። ሲያበሩት አምፖሉ ለአፍታ ደምቆ ከደበዘዘ ከባድ ሾርት የለም። ደምቆ ከቀረ አለ፤ ነገር ግን ጅረቱን አምፖሉ ስለያዘው ተጨማሪ ክፍል አይቃጠልም። አምፖሉ ቮልቱን ስለሚቀንሰው ጤነኛ ሪሲቨርም ቢሆን በዚህ ሁኔታ ሪሌው ላይዘጋ ይችላል፤ ያ አያስደንግጥዎ።

አሁን ዋናው ልኬት ነው። ከሪሌው በፊት፣ ማለትም ከመውጫው ትራንዚስተሮች ጋር የተያያዙት የኤሚተር ረዚስተሮች በሚገናኙበት ነጥብና በሻሲው (በብረት አካሉ) መካከል፣ የሁለቱንም ቻናል ዲሲ ቮልት ይለኩ። እነዚህ ረዚስተሮች ነጭ ወይም ግራጫ የሴራሚክ ጡብ የሚመስሉ፣ 0.22፣ 0.33 ወይም 0.47 ኦም የተጻፈባቸው ናቸው። ከ50 ሚሊቮልት በታች ጤነኛ ነው። ከ100 በላይ ምርመራ ይፈልጋል። ጥቂት ቮልት ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በመግቢያው ያሉት ጥንድ ትንንሽ ትራንዚስተሮች፣ አጠገባቸው ያለ የደረቀ ካፓሲተር ወይም የዛገ ትሪመር (በካቻቢቴ የሚዞር ማስተካከያ) ነው። የአቅርቦቱን ቮልት በሙሉ ያህል ካነበበ የመውጫው ትራንዚስተር ሾርት ሆኗል፤ ምልክቱ ፕላስ ከሆነ የፕላሱ ወገን፣ ማይነስ ከሆነ የማይነሱ ወገን መጀመሪያ ይጠረጠራል። በሁለቱም ቻናል ዜሮ አካባቢ ከሆነ ደግሞ አምፕሊፋየሩ ጤነኛ ነው፤ ታማሚው ጥበቃው ነው። ያኔ አምፖሉን አውጥተው በሪሌው ጥቅል ላይ ቮልት ይለኩ። ብዙዎቹ 24 ቮልት ናቸው። ቮልቱ ደርሶ ካልዘጋ ጥቅሉ ተበጥሷል፤ ካልደረሰ የመዘግየት ካፓሲተሩንና ሪሌውን የሚነዳውን ትራንዚስተር ይፈትሹ። ይህ ከሁሉም ቀላሉና ርካሹ ጥገና ነው፤ በመብራት መጥፋትና መምጣት የሚነሳውም አንዳንዴ ይኸው ነው።

የመውጫ ትራንዚስተር ከተጠረጠረ ካፓሲተሮቹን አራግፈው ከሰሌዳው ያውጡትና በዳዮድ መለኪያ ይዩት። ሦስቱ መገናኛዎቹ ቤዝ፣ ኤሚተርና ኮሌክተር ይባላሉ። ከቤዝ ወደ ኤሚተርና ከቤዝ ወደ ኮሌክተር በአንድ አቅጣጫ ከ0.5 እስከ 0.7 ቮልት ያነባል፤ ከኮሌክተር ወደ ኤሚተር በየትኛውም አቅጣጫ ምንም ማንበብ የለበትም። እዚያ ዜሮ ካገኙ ሞቷል።

ብዙ ጥገና የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው። የሞተውን ትራንዚስተር ብቻ ቀይረው ያበሩታል፤ አዲሱም በሰከንዶች ውስጥ ይቃጠላል። ምክንያቱም የመውጫ ትራንዚስተር ብቻውን አይሞትም። የሚነዳውን ድራይቨር፣ የኤሚተሩን ረዚስተርና የቤዙን ትንሽ ረዚስተር ይዞ ይሄዳል። ከዚህ የባሰው ባያሱን (ድምጽ ሳይኖርም በትራንዚስተሮቹ የሚያልፈውን ትንሽ ጅረት) የሚቆጣጠረው ክፍል ነው። በሙቀት ማስተላለፊያው ላይ የተጣበቀው ዳዮድ ወይም ትራንዚስተር ከተበጠሰ፣ ወይም የባያስ ትሪመሩ ዝጎ ግንኙነቱ ከተቋረጠ፣ ትራንዚስተሮቹ ያለ ልክ ይከፈታሉ። ስለዚህ ከመውጫው እስከ ድራይቨሩ ያለውን ሁሉ ይለኩ። የድሮዎቹን ክፍት ትሪመሮች ደግሞ በአዲስና በታሸጉ ይተኩ። ዋጋቸው ትንሽ ነው፤ የሚያድኑት ግን ብዙ ነው።

የቀድሞው ትራንዚስተር ከጠፋ፣ ትልቁን ባለ ብረት ቆብ የቲኦ-3 ቅርጽ ለያዙ ብዙ ሪሲቨሮች ኤምጄ15024 እና ኤምጄ15025 የታወቁ ጥንድ ናቸው። ሁለቱንም ወገን በአንድ ጊዜ ይቀይሩ። ገበያው በሐሰተኛ ትራንዚስተር የተሞላ ስለሆነ ከሚታመን ሻጭ ይግዙ። ምርቱ የቆመ የድሮ ስያሜ አዲስ ነው ተብሎ በጣም በርካሽ ሲቀርብ ግን ይጠርጠር። ሚካውን (ትራንዚስተሩን ከሙቀት ማስተላለፊያው የሚለየውን ስስ ሽፋን) በሁለቱም በኩል በስሱ የሙቀት ቅባት ቀብተው ይሰሩት። ከዚያ በትራንዚስተሩ ብረትና በሙቀት ማስተላለፊያው መካከል ግንኙነት አለመኖሩን በኦም ያረጋግጡ።

ሲጨርሱ የባያስ ትሪመሩን ወደ ዝቅተኛው አዙረው፣ ያለ ስፒከር፣ በአምፖሉ በኩል ያብሩ። መውጫው ላይ ያለው ዲሲ ደህና ከሆነ አምፖሉን አውጥተው፣ ቮልዩሙን ዜሮ አድርገው 15 ደቂቃ ያሙቁት። ከዚያ በኤሚተር ረዚስተሩ ላይ ሚሊቮልት እየለኩ ወደ ሰርቪስ ማኑዋሉ ልክ ቀስ ብለው ያምጡት። ማኑዋሉ 20 ሚሊአምፔር ካለና ረዚስተሩ 0.47 ኦም ከሆነ የሚፈልጉት 9.4 ሚሊቮልት ነው። ማኑዋሉ ቮልቱ በሁለቱ ረዚስተሮች ላይ አንድ ላይ እንዲለካ ካዘዘ ልኩ እጥፍ ይሆናል።

ባለሙያው ያለው "አይሲ" መሠረት የሚኖረው ሪሲቨርዎ እንደ ፓዮኒር ኤስኤክስ-780 የኤስቲኬ ሞጁል የሚጠቀም ከሆነ ነው። በውስጡ የመውጫው ትራንዚስተሮች በአንድ ጥቁር ጡብ ታሽገዋል። እውነተኛውን ማግኘት ከባድ ነው፤ ሐሰተኛው ግን በየቦታው አለ። ያም ቢሆን ሞጁሉ መሞቱ የሚታወቀው ከላይ ያለው ልኬት ሲደረግ እንጂ ሪሌው ዝም ስላለ አይደለም።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ የግራው ድምጽ ይጠፋል፣ ቮልዩሙን ሳዞረው ወይም ሳጥኑን መታ ሳደርገው ይመለሳል። ሳዞር ደግሞ "ክርክር" ይላል። ጓደኛዬ ዘይት ስፕሬይ አድርግበት አለኝ።

መልስ፦ ዘይት አያድርጉ። ለበር ማጠፊያና ለዝገት የሚሸጡት ስፕሬዮች ለጊዜው ድምጹን ያስተካክሉና ከወራት በኋላ አቧራ ሰብስበው ይብሱታል። የሚያስፈልግዎ "ኮንታክት ክሊነር" የተባለ፣ ለኤሌክትሮኒክስ የተሠራና ፕላስቲክ የማይበላ ነው። ለቮልዩም ደግሞ ቅባት ያለበት ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። የፍሬን ማጽጃም አይሆንም፤ የውስጡን የካርቦን ንጣፍና ፕላስቲክ ያበላሻል።

ከመርጨትዎ በፊት የታመመውን ይለዩ። ሬድዮ ከፍተው የቴፕ ሞኒተር ቁልፉን ከ10 እስከ 20 ጊዜ ይጫኑ፤ ከአሮጌ ሪሲቨር ላይ አንድ ቻናል የሚያጠፋው በብዛት እሱ ነው። ቀጥሎ በጀርባ በኩል ፕሪአምፑን (የመጀመሪያውን ማጉያ) ከዋናው አምፕ የሚያገናኙ የብረት ዩ-ቅርጽ ማያያዣዎች ካሉ አውጥተው አጽድተው ይመልሱ። ከዚያ የግራና የቀኝ ስፒከር ገመዶችን ዕቃው ጠፍቶ እያለ ያቀያይሩ። ዝምታው ወደ ቀኙ ስፒከር ከሄደ ጥፋቱ ሪሲቨሩ ውስጥ ነው፤ በዚያው ከቀረ ስፒከሩ ወይም ገመዱ ነው።

ኮንታክት ክሊነሩን በቀጭኑ ቱቦ፣ በቮልዩሙ ጀርባ ከእግሮቹ አጠገብ ባለው ቀዳዳ ትንሽ ብቻ ይርጩ፤ ከዚያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ20 እስከ 30 ጊዜ ያዙሩት። ባላንስ፣ ባስ፣ ትሬብል፣ የምርጫ ቁልፍ፣ የስፒከር ኤ/ቢ ቁልፍ ሁሉም በተመሳሳይ ይጸዳሉ። ከማብራትዎ በፊት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይደርቅ። የሬድዮውን የሚዞሩ ቀጫጭን ሳህኖችና የመርፌውን ክር ግን አይንኩ፤ እዚያ የሚደርስ ፈሳሽ ጣቢያ ያዛባል፣ ክሩንም ያንሸራትታል።

ዝምታው ድምጹ ዝቅ ሲል ብቻ ከመጣና ከፍ ሲያደርጉት ከተመለሰ የሪሌው መገናኛ ጠቁሯል። ግልጽ ቆቡን ከፍተው፣ 90 በመቶና ከዚያ በላይ አልኮል የነካ ወፍራም ነጭ ወረቀት በመገናኛዎቹ መካከል አስገብተው እየጫኑ ይሳቡት፤ ወረቀቱ ንጹሕ እስኪወጣ ይድገሙ። በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ የብሩን ንጣፍ ስለሚያነሳው ጥቂት ወር ብቻ ያገለግላል። የተሻለው መፍትሔ ተመሳሳይ ቮልት ያለው፣ ሁለት መገናኛ የያዘና ቢያንስ 5 አምፔር የሚችል አዲስ ሪሌ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ መታ ሲያደርጉት አሁንም ከተመለሰ የተሰነጠቀ ሶልደር አለ። በደረቅ የእንጨት ዘንግ ሰሌዳውን ቀስ እያሉ ይንኩ። በሚግሉ ረዚስተሮችና በከባድ ማያያዣዎች እግር ዙሪያ ቀለበት የመሰለ ስንጥቅ ከታየ፣ ድሮውን መጥጠው በአዲስ ሶልደር ይሥሩት።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ እዚህ በአሮጌ ዕቃ መሸጫ ጥሩ ሪሲቨርና ሸክላ ማጫወቻ አገኘሁ፤ ለአባቴ ልልክለት ነው። የኤፍኤሙ ቁጥር አዲስ አበባ ላይ ይሠራል? "ስቴሪዮ" የምትለው መብራትም አትበራም።

መልስ፦ ኤፍኤሙ ይሠራል። ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ የአሜሪካም የእኛም ነው። በቁጥር የሚመርጡት የአሜሪካ ዲጂታል ሪሲቨሮች በጎዶሎ አሥርዮሽ ብቻ ይዘላሉ፤ እንደ እድል ሆኖ 96.3፣ 97.1፣ 98.1 እና 102.1 ሁሉም ጎዶሎ ናቸው። ተጠንቀቁ የምንለው ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩትን ነው፤ የእነሱ ኤፍኤም ከ76 እስከ 90 ስለሆነ እነዚህን ጣቢያዎች አይዝም፤ ቮልታቸውም 100 ነው።

የስቴሪዮ መብራቷ የምትበራው ከጣቢያው የሚመጣውን የ19 ኪሎኸርዝ ምልክት ስታገኝ ነው። መጀመሪያ የሞኖ ቁልፍ ተጭኖ እንደሆነ ይዩ። ከዚያ አንቴና ያድርጉ፤ ሁለት ክንድ ያለው፣ እያንዳንዱ ክንድ ወደ 73 ሴንቲሜትር የሆነ ሽቦ በቂ ነው። ኃይለኛ ጣቢያ ይዞም ካልበራ አምፖሏን ይፈትሹ። እሷም ደህና ከሆነች በስቴሪዮ ዲኮደሩ አይሲ አጠገብ ያለው ትሪመር ከልኩ ወጥቷል። በጠንካራ የስቴሪዮ ጣቢያ ላይ ሆነው የድሮውን ቦታ በእስክርብቶ ምልክት ያድርጉና፣ መብራቷ የምትበራበትን ክልል ሁለት ጫፍ ፈልገው መካከሉ ላይ ያቁሙት። በአራት ማዕዘን የብረት ቆብ ውስጥ ያሉትን ባለ ቀለም ጥቅሎች ግን ያለ መሣሪያ አያዙሩ፤ አንዴ ከተዛቡ በጆሮ መመለስ አይቻልም።

ከመላክዎ በፊት የሸክላ ማጫወቻውን ሰሌዳ ያንብቡ። ሞተሩ ቀጥታ በኤሲ የሚዞር የ60 ሄርዝ ከሆነ፣ ትራንስፎርመር ቢኖርም እዚህ በ50 ሄርዝ ፍጥነቱ በስድስተኛ እጅ ይወድቃል፤ 45 መዞር ያለበት 37.5 ይዞራል። አምሐ ሪከርድስና ካይፋ ሪከርድስ ያወጧቸው ትንንሾቹ ሸክላዎች 45 ናቸው። በዚህ ፍጥነት የዘፋኙ ድምጽ ከሦስት ግማሽ ድምጽ በላይ ይወርዳል፤ አባትዎ የሚያውቁት ዘፈን አይሆንም። ለሞዴሉ የተሠራ የ50 ሄርዝ ፑሊ (በሞተሩ ላይ ያለው መዘውር) ካለ ይግዙ፤ ዲያሜትሩ ከቀድሞው በ1.2 እጥፍ ይበልጣል። ኳርትዝ ወይም የዲሲ ሞተር ያላቸው ይህ ችግር የለባቸውም። በሚልኩበት ጊዜ የማጫወቻውን ክንድ ይሰሩት፤ ሳህኑን ለብቻው ያሽጉት። ሪሲቨሩንም ፊቱን ወደ ታች አድርገው አይላኩት፤ የትራንስፎርመሩ ክብደት ሻሲውን ያጣምመዋል።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ በቀኙ ስፒከር እንደ ዝናብ የሚንሾካሾክና አልፎ አልፎ የሚንጣጣ ድምጽ አለ። ቮልዩሙ ዜሮ ቢሆንም አይጠፋም። ሁሉንም ካፓሲተር ቀይር ተብያለሁ።

መልስ፦ ቮልዩሙ ዜሮ ሆኖ ካልጠፋ ምንጩ ከቮልዩሙ በኋላ ያለው ክፍል ነው፤ በዚህ ብቻ የሰሌዳውን ግማሽ ከምርመራ ነፃ አድርገዋል። እንዲህ ያለው መንጣጣት በብዛት የሚመጣው ካረጀ ትንሽ ትራንዚስተር ነው። በእነዚያ ዓመታት ሪሲቨሮች ውስጥ 2ኤስኤ726 እና 2ኤስሲ458 በዚህ ይታወቃሉ። የሚያቀዘቅዝ ስፕሬይ በየትራንዚስተሩ ላይ ለአንድ ሰከንድ ይርጩ፤ ድምጹ ድንገት የሚለወጥበት እሱ ነው። ለመጀመሪያው ኬኤስኤ992፣ ለሁለተኛው ኬኤስሲ1845 ይተኩ፤ የእግሮቻቸውን ቅደም ተከተል ግን ሁልጊዜ በዳታ ሺት (በፋብሪካው መግለጫ) ያመሳክሩ፤ ከቀድሞው ሊለይ ይችላል። በመግቢያው ላይ በጥንድ የሚሠሩ ከሆነ ሁለቱንም አንድ ላይ ይቀይሩ፤ ሲጨርሱ መውጫው ላይ ያለውን ዲሲ እንደገና ይለኩ።

ካፓሲተሮችን በጅምላ ስለመቀየር፦ ወፍራም "እምም" የሚል ድምጽ (ሁም) ካለ የፊልተሮቹን፣ ባሱ ከደከመ በድምጹ መንገድ ላይ ያሉትን ኤሌክትሮሊቲክ ይፈትሹ። ሁሉንም በአንድ ቀን መቀየር ግን አዲስ ጥፋት ከድሮው ጋር ያቀላቅላል። ከቀየሩ አንድ ቻናል ብቻ ሠርተው ሌላውን ለማነጻጸሪያ ይተውት። ማይክሮፋራዱ እኩል፣ ቮልቱ እኩል ወይም የበለጠ፣ ሙቀቱ 105 ዲግሪ የሚል ይሁን። ከማንሳትዎ በፊት የማይነሱ መስመር ወዴት እንደሚያይ ፎቶ ያንሱ፤ በሰሌዳው ላይ የታተመው ምልክት አንዳንዴ የተሳሳተ ነው። ፊልምና ሴራሚክ ካፓሲተሮች ኤሌክትሮሊቲክ በሚያረጅበት መንገድ ስለማያረጁ አይንኳቸው።

ጥያቄ (ከጅዳ)፦ የጣቢያ ሰሌዳው አምፖሎች ተቃጥለዋል። በኤልኢዲ መተካት ይቻላል?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል። የድሮውን ቮልት ያንብቡ፤ ፊውዝ የሚመስሉት አምፖሎች ብዙዎቹ 6.3 ወይም 8 ቮልት ናቸው። ትራንስፎርመሩ የሚሰጣቸው ኤሲ ስለሆነ በኤሲ የሚሠራና "ሞቅ ያለ ነጭ" የሚባለውን ይምረጡ፤ ያለበለዚያ ይርገበገባል፣ የሰሌዳው ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ቀለምም ይገረጣል። አምፖሎቹ በተከታታይ የተያያዙ ከሆነ ወይም ጅረታቸው ለሌላ ክፍል የሚያልፍ ከሆነ ግን ኤልኢዲ ያንን ሰርኪዩት ያዛባል፤ ሥዕሉን ሳያዩ አይቀይሩ። ከአምፖሉ ፊት ያለው ወረቀት በሙቀት ቡናማ ሆኖ ከሆነ ስስ የንድፍ ወረቀት በልኩ ቆርጠው ይተኩ፤ ሰሌዳውን የሚያደበዝዘው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። የፊት መስታወቱን ውስጥ በሚያጸዱበት ጊዜ ደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ ይጠቀሙ። የጣቢያ ቁጥሮቹ ከኋላ በኩል የታተሙ ናቸው፤ አልኮል ከነካቸው በአንድ መጥረግ ይለቃሉ።